ስምንት ደቂቃ አታንስም፦ አጭር አኒሜሽን ማየት ስንጀምር የምንሠራቸው ስህተቶች

እህቴ አንድ ቅዳሜ ልጆቿን እኔ ጋ ጥላ ገበያ ሄደች። ልጆቹ "ካርቱን ክፈትልን" አሉ። እኔም ሁልጊዜ ከሚያዩት ጩኸት ይሻላል ብዬ አንድ የቆየ አጭር ፊልም ከፈትኩላቸው። ኖርማን ማክላረን በ1952 ካናዳ ውስጥ የሠራው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ርዕሱ በአማርኛ "ጎረቤታሞች" እንደማለት ነው።

ሁለት ሰዎች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ መሃላቸው አበባ ትበቅላለች። ሽታዋ ያሰክራቸዋል፤ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ቀጥሎ አበባዋ የማን ናት የሚል ጠብ ተነሳ። አጥር ታጠረ። ቡጢ መጣ። መጨረሻ ላይ አንዱ የሌላውን ሚስትና ሕፃን ሳይቀር ገድሎ ሁለቱም ሞቱ። ይህ ሁሉ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ትንሹ "አጎቴ፣ ሕፃኑ ምን አደረገ?" አለኝ።

ፊልሙን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። ማለቴ፣ ግማሹን። ስልኬ ጠርቶ አቋረጥኩት። የዚያን ቀን ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ነው የሠራሁት።

አኒሜሽን ሁሉ የልጆች ነው ብሎ ማሰብ

"ካርቱን" የሚለው ቃል ነው ጉድ የሚሠራን። አኒሜሽን የአሠራር ዘዴ እንጂ የዕድሜ ክልል አይደለም። ማክላረን ያን ፊልም የሠራው የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃም ያኔ እዚያው ኮሪያ ነበር። ፊልሙ ስለ ጦርነት ነው፣ አበባዋ ሰበብ ናት።

አኒሜሽን የግድ ስዕልም አይደለም። በዚህ ፊልም ውስጥ ያሉት እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ተዋናዩ ይዘላል፣ እግሩ መሬት ሳይነካ ይቀረጻል፤ ደግሞ ይዘላል፣ ደግሞ ይቀረጻል። ምስሎቹ ሲቀጣጠሉ ሰውየው የሚበር ይመስላል። የሚገርመው ፊልሙ ኦስካር ያገኘው በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ መሆኑ ነው። እንዴት ዘጋቢ እንደተባለ እስካሁን አልገባኝም።

ለልጆች ስትከፍቱ ግን አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። በቃ።

እየበሉ፣ እየጻፉ፣ እያወሩ ማየት

የሁለት ሰዓት ፊልም ላይ አሥር ደቂቃ ቢያመልጣችሁ ታሪኩ ይጠብቃችኋል። አጭር ፊልም አይጠብቅም። ብዙዎቹ ንግግር ስለሌላቸው ጆሮ ሰጥቶ ዓይንን ስልክ ላይ ማድረግም አይሠራም።

የሆላንዱ ሚካኤል ዱዶክ ዴ ዊት በ2000 የሠራውን "አባትና ልጅ" ውሰዱ። ይህም ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንድ ቃል የለውም። አባት ልጁን አቅፎ ይሰናበትና በጀልባ ይሄዳል፣ አይመለስም። ልጅቷ በብስክሌት ያንን ቦታ ስትመላለስ ታድጋለች፣ ወጣት ትሆናለች፣ ታገባለች፣ ታረጃለች። ዕድሜዋን የሚነግረን ብስክሌት አነዳዷ ነው፤ ስታረጅ ብስክሌቱ እንኳ አልቆም ይላታል። እናቱ ዓረብ አገር ሄዳ የቀረችበት ጓደኛዬ ይህን ሲያይ ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ስልኬን እየነካካሁ አይቼው "ቆንጆ ነው" ብዬ አልፌው ነበር።

ዩቲዩብ የሚያመጣውን ብቻ መጠበቅ

ዩቲዩብ የሚያመጣላችሁ ትናንት ያያችሁትን የሚመስል ነገር ነው። አጭር ፊልም የሚፈለገው በስም ነው። የአነሲ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ከ1960 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ይካሄዳል፤ እዚያው ፈረንሳይ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ የሚደረገው የክሌርሞን ፌራን ፌስቲቫል ደግሞ የአጭር ፊልም ብቻ ነው። የአሸናፊዎቻቸውን ዝርዝር አውጡ፣ አንድ ርዕስ ምረጡ፣ ከዚያ ዳይሬክተሩ ሌላ ምን ሠርቷል ብላችሁ ፈልጉ። መጨረሻ ላይ የሚወርዱትን ስሞችም አትዝለሉ፤ ቀጣዩ ፊልም የሚገኘው እነሱ ውስጥ ነው።

የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ድረ ገጽ በነፃ የሚታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች አሉት። ማክላረንም የዚያ ቤት ሰው ነበር። የዳታ ነገር ካሳሰባችሁ ጥራቱን ወደ 480 አውርዱት፤ አጭር ፊልም ብዙ አይበላም። ደግሞ ፊልሙን ሌላ ሰው ቆርጦ ከለጠፈው ቦታ ሳይሆን ከራሱ ከሠሪው ገጽ እዩት። የእይታ ቁጥሩ እንኳ ይድረሰው።

"የእኛ የለም" ማለት

አህያዋ ሂሳብ ስለከፈለች መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነቃነቅም። ፍየሏ ሳትከፍል ስለወረደች ትሮጣለች። ውሻው መልሱን ስላልተቀበለ እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ይህን ቀልድ ያልሰማ የታክሲ ተሳፋሪ አለ? ኒው ዮርክ የሚኖረው የአዲስ አበባው ተወላጅ ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በ2011 አኒሜሽን አድርጎታል፤ ሸራ ላይ ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ስዕሉን ይቀይራል፣ ደግሞ ያነሳል። ርዕሱ "ሂሳብ" ነው። የረዳቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው የሚመጣው።

ኢንዲፔንደንት ሲባል "ርካሽ" ብሎ መተርጎም

ኢንዲፔንደንት ማለት ከትልልቅ የፊልም ድርጅቶች ውጭ የተሠራ ፊልም ነው፤ ቃሉ የሚያወራው ስለ ገንዘብ ማነስ ሳይሆን በፊልሙ ላይ ወሳኙ ማን እንደሆነ ነው። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ "ሳንኮፋ"ን በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱለትም። እሱ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። ዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብርም ከፈተ።

ወደ መሥራት ሲገቡ ከትልቁ መጀመር

በ2025 የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሠራው ረጅም አኒሜሽን "ፍሎው" ኦስካር ሲወስድ "በነፃ ሶፍትዌር ብቻውን ሠርቶ አሸነፈ" የሚል ወሬ ተናፈሰ። ነፃ ሶፍትዌር የሚለው ልክ ነው፤ ብሌንደር ይባላል፣ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። ብቻውን የሚለው ግን ትክክል አይደለም። የላትቪያ፣ የፈረንሳይና የቤልጂየም ባለሙያዎች ነበሩበት፤ ወጪውም 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ብቻውን የሠራው ከዚያ በፊት ያለውን፣ በ2019 የወጣውን "አዌይ" ነው፤ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ከዚያም በፊት አጫጭር ፊልሞች ሠርቷል። እኛ የምናየው የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለው። አንዱን ስዕል ሁለት ሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ ለሰከንድ 12፣ ለደቂቃ 720 ስዕል ነው። ስምንት ደቂቃ 5,760 ይሆናል። ስለዚህ በአሥር ሰከንድ ጀምሩ፤ 120 ፎቶ ነው።

እኔ ሞክሬዋለሁ። ስልኬን ወንበር ላይ በፕላስተር አሰርኩ፣ በመስኮት ብርሃን አነሳሁ። ደመና መጣ፣ ሄደ፤ ስልኩም ብርሃኑን በራሱ እያስተካከለ ፊልሙ እንደተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ። መጋረጃ ዝጉ፣ አምፖል አብሩ፣ የስልኩ ካሜራም ብርሃኑን በራሱ እንዳይቀይር ቆልፉት። መብራት ከሄደ ግን ምን ይደረጋል?

እነዚያ ልጆች በሚቀጥለው ወር ሲመጡ የራሳቸውን "ጎረቤታሞች" ሠራን፦ ሁለት ባቄላዎች በአንድ ሽንብራ የሚጣሉበት፣ ስድስት ሰከንድ። ትልቋ ማንም እንዳይሞት ብላ ወሰነች። ማታ እህቴ መጥታ ባቄላዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ ከሚቆላው ጋር ልትቀላቅል ስትል ሁለቱም ጮሁባት፦ "እማዬ ተይ! ተዋናዮች ናቸው!"