ብዙ በተን ባለው አፕ ላይ ክሊክ ሲምታታ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ በጃቫ ወይም በኮትሊን የአንድሮይድ አፕ ለምትሠሩ ነው። ሊስነር (በተኑ ሲነካ የሚሠራውን ኮድ) ማሰር፣ ሎግካት (የአፑን የስህተት መዝገብ) ማንበብ፣ ፕሮጀክቱን ክሊን አድርጎ መልሶ መቢልድ የታወቀ ስለሆነ እዘለዋለሁ። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ላሉ ሱቆችና መጋዘኖች የተሠሩ አፖችን ስጠግን እየተመላለሰ የሚመጣብኝን ነው የማነሳው።

በተኑ ሲነካ ዝም ይላል

አንድ በተን ላይ ሁለት ቦታ ሊስነር ከታሰረ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል፤ ሁለቱም አብረው አይሠሩም። ያ ካልሆነ አንድ ሌይአውት ሁለት ጊዜ ኢንክሉድ ተደርጎ አይዲው ተደግሞ እንደሆነ እዩ፤ ፋይንድቪውባይአይዲ መጀመሪያ ያገኘውን ብቻ ይዞ ይመለሳል፣ ሁለተኛው በተን ሊስነር ሳይታሰርበት ይቀራል። ሌላው በተኑ ላይ የተነጠፈ የማይታይ ሌይአውት ነው፦ የ«ይጠብቁ» ምልክት የነበረበት፣ ክሊከብል እንደሆነ የተረሳ። አልፋውን (የሚታይበትን መጠን) 0 ማድረግ አይበቃም፣ ንክኪውን መዋጡን ይቀጥላል። ቪዚቢሊቲውን «ጎን» (GONE) አድርጉት።

ፍራግመንት ውስጥ ያለ በተን ሲነካ አፑ ይዘጋል

ኦንክሊክ በኤክስኤምኤል (በሌይአውቱ ፋይል) ተጽፎ ይሆናል። ሲስተሙ ፈንክሽኑን የሚፈልገው ፍራግመንቱ ውስጥ ሳይሆን እሱን የያዘው አክቲቪቲ ውስጥ ነው። በኮድ እሰሩት።

አንዱን ሲነኩ የሌላውም ሥራ ይሠራል

የጃቫ ስዊች ውስጥ ብሬክ ቀርቷል። «ሽያጭ» ተነክቶ ዱቤም አብሮ ከተመዘገበ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ትናንት ይሠራ የነበረ ስዊች ዛሬ «ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ሪኳየርድ» ይላል

ፕሮጀክቱ ወደ አንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን 8.0 ወይም ከዚያ በላይ ተሸጋግሯል። ከ8.0 ጀምሮ የሪሶርስ አይዲዎች በነባሪ ፋይናል አይደሉም፤ የጃቫ ስዊች ደግሞ ቋሚ ቁጥር ካላገኘ አይቀበልም። ወደ ኢፍ-ኤልስ ቀይሩት። የኮትሊን ዌን ችግር የለበትም። ግሬድል ፕሮፐርቲስ ላይ አንድ መስመር ጨምሮ የድሮውን ጠባይ መመለስ ይቻላል፤ ችግሩ ግን ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል፣ እኔ አላደርገውም።

ዝርዝር ውስጥ አንዱን ደንበኛ ሲሰርዙ ሌላው ይሰረዛል

ሪሳይክለርቪው (ዝርዝሩን የሚያሳየው ቪው) ረድፉን ሲባይንድ የተሰጠው ፖዚሽን፣ ማለትም የረድፉ ቁጥር፣ ሊስነሩ ውስጥ ተይዞ ቀርቷል። ከላይ አንድ ረድፍ ሲወጣ ቁጥሩ ያረጃል። ቁጥሩን ክሊኩ በተደረገባት ቅጽበት ረድፉን ከያዘው ቪውሆልደር ጠይቁ፤ ‑1 ከመጣ ረድፉ እየጠፋ ነውና ምንም አትሥሩ። የሰው የዱቤ መዝገብ ላይ ይህን ያልፈተሸ አፕ መልቀቅ ነውር ነው።

አንድ ጊዜ የተሸጠ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል

ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ማታ ሒሳቡ ከካዝናው ጋር አልገጥም ይላል። መዝገቡ ሲታይ ያው ዕቃ፣ ያው ዋጋ፣ በመሀላቸው ጥቂት ሰከንድ ብቻ። የባሰው ደግሞ አንዱ ዕቃ «ተሸጠ» ውስጥም «ዱቤ» ውስጥም ሲገኝ ነው።

ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ባለቤቱን፣ «ሐጂ፣ መጀመሪያ ሲነኩት ምን አለዎት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምንም አላለኝ ልጄ። ዝም ሲለኝ አልሰማኝም ብዬ ደገምኩት» አሉኝ። አፑን የሠራው ልጅ ግን «ሰውዬው ቸኩለው ነው» ብሎ ነበር። ሐጂ አንዳች አላጠፉም። የሁለት ኩንታል ጤፍ ሽያጭ አራት ኩንታል ሆኖ የተጻፈው አፑ መልስ ስላልሰጣቸው ነው።

አፑን ከፍቼ ኮዱን ሳየው ብዙ ቦታ የማገኘው ያው ሦስት መስመር ተቀምጧል፦ በተኑን ዝጋ፣ መዝግብ፣ በተኑን ክፈት። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ምንም አይከላከልም። ምዝገባው ሜይን ትሬድ (ስክሪኑንና ንክኪውን የሚያስተናግደው ዋና መስመር) ላይ ከሆነ፣ ትሬዱ ተይዞ ሳለ የመጡት ንክኪዎች ወረፋ ይይዛሉ እንጂ አይጠፉም፤ ሥራው አልቆ ተራቸው ሲደርስ በተኑ ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ምዝገባው በሌላ ትሬድ ወደ ሰርቨር የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው መስመር መልስ ሳይጠብቅ ወዲያው በተኑን ይከፍተዋል።

በተኑን የሚከፍተው መስመር መልሱ በሚመጣበት ኮልባክ ውስጥ ይግባ፤ ሲሳካም ሳይሳካም። «ሳይሳካ» የሚለውን የሚረሱ አሉ፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ በተኑ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ሰውየው አፑን ዘግቶ ከፍቶ እንደገና ይመዘግባል፣ ሒሳቡ መልሶ ይደገማል።

ንክኪውን ለግማሽ ሰከንድ የሚያግድ ኮድ ቀድታችሁ አታስገቡ። ባቲ ሰኞ ገበያው ሞልቶ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ መልስ ከግማሽ ሰከንድ እጅግ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እዚያ ፍየል የሚያሻሽጥ ደላላ ስልኩን በአንድ እጁ፣ ገመዱን በሌላው ይዞ ነው የሚነካው። «ተሸጠ»ን ነክቶ ዝም ሲለው አጠገቡ ያለውን «ዱቤ» ይሞክራል። «ተሸጠ» የራሱ መቆለፊያ ቢኖረውም «ዱቤ» ክፍት ነው።

ስለዚህ መቆለፊያው የስክሪኑ እንጂ የበተኑ አይሁን። «ሥራ ላይ ነው» የሚል አንድ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ) ይኑር፤ የሁሉም በተኖች ክሊክ በአንድ ፈንክሽን ይለፍ፤ ፈንክሽኑ መጀመሪያ ቡሊያኑን ይይ፣ እውነት ከሆነ ይመለስ። ቡሊያኑን ቪውሞዴል ውስጥ አስቀምጡት፤ አክቲቪቲው ውስጥ ከሆነ ስልኩ ሲዞር አዲስ ይፈጠርና መቆለፊያው ይጠፋል። ሁለት በተን በሁለት ጣት አንድ ላይ መነካቱን መከልከል ካስፈለጋችሁ በያዛቸው ሌይአውት ላይ ስፕሊትሞሽንኢቨንትስን ፎልስ አድርጉ። የበተኑን ጽሑፍ ደግሞ ወዲያው «እየተመዘገበ ነው» ብሉት፤ ሐጂ የጠየቁት እሱን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰርቨሩ ራሱን መጠበቅ አለበት። ጥያቄው ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ አፑ ጥያቄውን እንደገና መላኩ ትክክል ነው። ለእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ስጡ፣ ዳታቤዙ ላይ ዩኒክ አድርጉት፤ ሁለተኛ ጊዜ አይቀበለውም። ልብ በሉ፦ ዩዩአይዲው የሚፈጠረው የሽያጩ ፎርም ሲከፈት ነው። ክሊክ ውስጥ ከፈጠራችሁት እያንዳንዱ ንክኪ አዲስ ቁልፍ ይዞ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም ሁሉንም አዲስ ሽያጭ ነው ብሎ ይቀበላል። ይህን በትክክል የሠራ መስሎት የሳተ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ፈተናውን በቢሮ ዋይፋይ አትጨርሱት። ኢሙሌተሩ ላይ የኔትወርኩን ዓይነት ወደ ዝግተኛው ጂፒአርኤስ ዝቅ አድርጉና ሁሉንም በተኖች እያፈራረቃችሁ ነካኩ። የምዝገባው ሠንጠረዥ ላይ ከአንድ በላይ መስመር ከገባ አትልቀቁት።

ማንም ሳይነካው በተኑ ይነካል

አንድ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ኮዱን አትንኩ። ስክሪኑ ተሰብሮ በርካሽ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥራት የሌለው ተች በቻርጀር ላይ ሳለ ወይም ሲሞቅ ራሱን ይነካል። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ የንክኪውን መንገድ የሚስለውን ፖይንተር ሎኬሽን አብሩ። እጅ ሳይነካው መስመር ከተሳለ ጥፋቱ የስክሪኑ ነውና ደህና ስክሪን እስኪገባለት በዚያ ስልክ ሽያጭ አይመዝገብ።