ኑሮ ሲከብድ የጡረታ መብትዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማለዳ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለፈ ሰው ባንክ በር ላይ የሚቆሙትን ጡረተኞች ያያል። ከዘራ፣ ነጠላ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር። አባቴ ከእነሱ አንዱ ነው። ያገለገለው 30 ዓመት ነው። አበሉ የተሰላለት ግን በ26 ዓመት ነው። አራቱ ዓመት ወረቀት ላይ አልተገኘም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱም መድኃኒቱም ተከትሎት ሄደ። የጡረታ አበል ግን በብር ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። ዋጋ በወጣ ቁጥር አብሮ አይወጣም። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ዓመት አገልግሎት መጥፋት ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ገና በሥራ ላይ ላላችሁ፣ በተለይ 50 ዓመት ላለፋችሁ፣ እኛ ቤት በኋላ የተማርነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን ይወቁ

ብዙ ሰው “ሲደርስ ይሰሩልኛል” ብሎ ይተወዋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። የመውጫ ዕድሜ 60 ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ (ወታደር ወይም ፖሊስ ያልሆነ) የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ የሚባለው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ዋና ደመወዝ ነው። የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የኃላፊነት አበል አይገባበትም።

በወረቀት ይሞክሩት። አማካይ ደመወዝዎ 12,000 ብር፣ አገልግሎትዎ 30 ዓመት ከሆነ 55 በመቶ ይደርሳል። 6,600 ብር ማለት ነው። አራት ዓመት ቢጎድል 50 በመቶ፣ 6,000 ብር ይሆናል። 600 ብር በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ።

ማህደርዎን ዛሬውኑ ያስከፍቱ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልናገር፤ የአባቴ ነገር የተበላሸው እዚህ ነውና። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ተዛወረ። መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ሄደ፣ ሥራ ጀመረ፣ አለቀ። ማህደሩ ግን አብሮት አልሄደም። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት በኋላ ከሌላ ጋር ተዋሃደ፣ ስሙ ተቀየረ፣ ሕንፃውን ለቀቀ። ለ25 ዓመት ማንም አልጠየቀም። ጡረታ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ማህደሩን ገልብጣ “ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቅጥር ደብዳቤ የለም እኮ” አለችው።

ስለዚህ ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁና ከማህደርዎ ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጡ። መጀመሪያ የሚፈልጉት የቅጥር ደብዳቤውን ነው። ቀጥሎ የተዛወሩበትን፣ ያደጉበትን፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጡበትን እያንዳንዱን ደብዳቤ። በሁለት ደብዳቤዎች መካከል ያሉ ቀናት መያያዝ አለባቸው። ክፍተት ካለ አሁኑኑ ይሙሉት። የሚመሰክሩልዎት የሥራ ባልደረቦች ገና በሕይወት አሉ፣ ፔሮሉም ምናልባት ምድር ቤት አለ። አሥር ዓመት ቆይተው ቢሄዱ ሁለቱንም ላያገኙ ይችላሉ።

ዕድሜዎን ይዩ። ሕጉ የሚይዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡትን የልደት ዘመን ነው። በኋላ ያወጡት የልደት ካርድ አይለውጠውም። ስምዎንም ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ቅጥር ደብዳቤው ላይ “ኃይለማርያም” ተያይዞ፣ ፋይዳ ላይ “ሀይለ ማርያም” ተለያይቶ ከሆነ ቆይቶ ያመላልስዎታል።

ያገኙትን ሁሉ ፎቶ ኮፒ ያድርጉ፤ በስልክም ያንሱ። አንዱን ቅጂ ቤት፣ አንዱን ከቤትዎ ውጪ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ።

መዋጮው መግባቱን ይከታተሉ

በየወሩ ከሲቪል ሠራተኛ ዋና ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዝዎ 12,000 ከሆነ 840 ከእርስዎ፣ 1,320 ከመሥሪያ ቤቱ፣ በድምሩ 2,160 ብር ወደ ፈንዱ መሄድ አለበት። የግል ድርጅት ሠራተኞችም መዋጮ ያው ነው፤ የሚተዳደሩት በአዋጅ 1268/2014 ነው። ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት ቢሄዱ አገልግሎትዎ ይደመራል፤ ማስረጃው ካለ ማለት ነው።

ገንዘብ ያጠረው አሠሪ ይህን ክፍያ ሊያዘገይ ይችላል። ከደመወዝዎ ተቆርጦ ካልተላከ ያ ገንዘብ የእርስዎ ነው፤ መጠየቅ ነውር የለውም። የደመወዝ ስሊፕዎን በየወሩ ያስቀምጡ። በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮው መግባቱን የጡረታ ፈንዱን ወደሚያስተዳድረው ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሄደው ያረጋግጡ። ከተቻለ ከባልደረቦችዎ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ “ነገ ና” ይባላል፤ አሥር ሰው ሲጠይቅ ግን መልስ ይገኛል።

ቀድመው ለመውጣት ከመፈረምዎ በፊት

ኑሮ ሲጠብ “ልውጣና የራሴን ልሥራ” የሚለው ሐሳብ ይመጣል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከ55 ዓመቱ ጀምሮ በፈቃዱ ጡረታ መውጣት ይችላል። መብት ነው፤ ነገር ግን ጊዜውን ይምረጡ።

ምክንያቱ ያ የሦስት ዓመት አማካይ ነው። በጥቅምት 2017 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲስተካከል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጭማሪ ወደ አማካይዎ የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። ሁለት ዓመት 9,000፣ የመጨረሻውን ዓመት 15,000 ብር በልተው በ30 ዓመት አገልግሎት ቢወጡ አማካይዎ 11,000 ነው፤ አበልዎ 6,050 ብር። በዚያው 15,000 ሁለት ዓመት ቢጨምሩ አማካይዎም 15,000 ይሆናል፣ መቶኛውም 57.5 ይደርሳል። አበልዎ 8,625 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 2,575 ብር ነው። ጤናዎ ከፈቀደ እነዚያን ሁለት ዓመታት ይታገሱ እላለሁ።

ሥራ ለቀው ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባትዎ በፊት “የጡረታ መብቴ ምን ይሆናል?” ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። 10 ዓመት ሳይሞላ 60 የደረሰ ሰው የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው፤ ወርሃዊ አበል አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ላይ ሆነው ተናደው አይውጡ።

የትዳርና የልጅ ወረቀት

ጡረተኛው ሲያርፍ ሚስት ወይም ባል የአበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ተተኪዎቹ በወረቀት ሲታወቁ ነው።

ካዛንቺስ የነበረች አንዲት ጎረቤታችን ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ወደ ኮንዶሚኒየም ገባች። ባሏ ካረፈ በኋላ የጋብቻ ወረቀቱን ብትፈልግ የለም። በቤተ ክርስቲያን ነበር የተጋቡት። ምስክር ፍለጋ የድሮ ጎረቤቶቿን ከየክፍለ ከተማው ለቀመች፤ ሁሉም ተበትኗል። ስምንት ወር ያለ አበል ቆየች። በዚያ ስምንት ወር ማታ ማታ ምን እንደምትበላ እኔ አውቃለሁ።

ጋብቻዎን በወረዳዎ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያስመዝግቡ። የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት ያውጡ። ከዚያ ቅጂውን ወደ ማህደርዎ ያስገቡ፤ ቤት ሣጥን ውስጥ ብቻ አይተዉት።

አበሉ ከጀመረ በኋላ

የጡረታ መብትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ሆነ በመያዣ መስጠት ሕጉ አይፈቅድም። “ደብተርህን ስጠኝና ላበድርህ” የሚልዎትን አይስሙ። ባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቅም ስልኩን ይዝጉበት።

ስሌቱ ካልጣመዎት ዝም አይበሉ። ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ማቅረብ ይችላሉ። ይግባኝ ቀነ ገደብ አለው፤ በጊዜው ያልተጠየቀ ውዝፍም በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰዎት ሳምንት ይንቀሳቀሱ።

አባቴ የተንቀሳቀሰው ዘግይቶ ነው። የድሮ መሥሪያ ቤቱ ወረቀት የተከማቸበትን መጋዘን አገኘንና ሦስት ቀን አቧራ ውስጥ ፔሮል ገለበጥን። በሦስተኛው ቀን ስሙ ከነፊርማው ወጣ፤ ሰማያዊ ቀለሙ ደብዝዟል። ጣቱን ፊርማው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። የሁለት ዓመት ፔሮል ነበር። 50 በመቶው 52.5 ሆነለት። የቀሩትን ሁለት ዓመታት አሁንም እየፈለግን ነው።