ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ሰፈሩን እንዲህ እዩት
ደላላ ሳሎኑንና ሴራሚኩን ነው የሚያሳያችሁ፣ እናንተ ግን መጀመሪያ ሰፈሩን አሽትቱ። አዲስ አበባ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ያኔ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን ወደ መሬት ይዞት ስለሚቆይ ቀን የማታዩት ሁሉ ይታያችኋል። የመስኮቱን ጠርዝ በጣታችሁ ጠረግ አድርጉት፣ ጥቁርና ቅባታም ከሆነ የመኪና ጭስ ሊሆን ይችላል፣ ህፃን ይዛችሁ እዛ አትግቡ በናታችሁ። አቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው የሚወርደው፣ ኪራዩ ቢረክስም ይቅርባችሁ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቁ። ወደ ዝዋይ ወይ ሐዋሳ አካባቢ ከሆነ የምትሄዱት የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የሚባል፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ማዕድን ሊበዛበት ስለሚችል እዛው ያደጉትን ልጆች ጥርስ እዩ፣ ቡናማ ከሆነ ውሃውን ሳታስመረምሩ አትጠጡ፣ ማፍላት ፍሎራይድ አያጠፋም።