ወር መዝጋት፦ የሥራ ልምድ ለሌለው የአካውንቲንግ ተመራቂ

ማስታወቂያው ላይ «ዜሮ ዓመት» የሚል ስታዩ ደስ ይላል። ፈተናው ላይ ስትቀመጡ ግን የሚሰጣችሁ ወረቀት ልምድ ያለው ሰው የሚሠራው ነው፦ ለአምስት ሠራተኛ ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት) ሥሩ፣ የባንኩን ስቴትመንት ከመዝገቡ ጋር አስታርቁ፣ እነዚህን ደረሰኞች ጆርናል አድርጉ፣ ማለትም በዴቢትና በክሬዲት መዝግቡ። ሁሉንም ተምራችኋል፤ የተማራችሁት ግን ለየብቻ፣ በየኮርሱ ነው። ቀጣሪው የሚፈልገው ሁሉንም አያይዞ ወር የሚዘጋ፣ ማለትም የወሩን ሂሳብ መዝግቦና አስታርቆ የሚጨርስ ሰው ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሳይቀጥራችሁ መለማመድ ይቻላል። ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር፣ የወረቀት ክምርና በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል ይበቃል።

መጀመሪያ ወረቀት ሰብስቡ። ከቤት፣ ከጎረቤት፣ ከሱፐርማርኬትና ከመድኃኒት ቤት 40 ያህል የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ፈልጉ። የሙቀት ወረቀት ስለሆነ በጥቂት ወራት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ያን ቀኑን ፎቶ አንሡት። ከዚያ አንድ ትንሽ ሱቅ በወረቀት ላይ ክፈቱ፦ ሦስት ሠራተኛ፣ አንድ የባንክ ሂሳብ፣ የቤት ኪራይ፣ የወር ሽያጭ። ደረሰኞቹ የሱቁ ግዢዎች ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ተራ ቁጥር ያለው የክፍያ ቫውቸር አዘጋጁና ደረሰኙን ከኋላው ስቴፕል አድርጉ። አሰልቺ ነው፤ ግን ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው የጎደለውን ቁጥር ነው።

ቫት ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በአንድ ስሌት ነው። ጠቅላላው 23,000 ብር ከሆነና ቫቱ በውስጡ ካለ፣ ቫቱ የ23,000 15 በመቶ ማለትም 3,450 አይደለም። 23,000ን ለ1.15 አካፍሉ፤ 20,000 ዋናው ዋጋ፣ 3,000 ቫቱ ነው። ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር) ሲኖርም የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ለልምምድ የሰበሰባችሁት ደረሰኝ የገዢው ስምና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ስለሌለው በእውነተኛ ሥራ ላይ ቫቱን ከሽያጭ ቫት ጋር ለማቀናነስ አይሆንም። ፈታኙ ይህን ከጠየቃችሁና ከመለሳችሁ ወረቀት የነካችሁ መሆናችሁ ይታወቃል።

ፔይሮሉ ላይ ቆም በሉ። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ብዙ የኤክሴል ቅጾች ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ እስከ 600 ብር አድርገው የሚያሰሉ የድሮ ቅጾች ናቸው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከ14,000 በላይ ላለው 35 በመቶ ነው። በአቋራጭ ለማስላት ደመወዙን በራሱ እርከን መጣኔ አባዙና እንደ ቅደም ተከተሉ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 ወይም 2,050 ቀንሱ።

መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ፣ አበል የሌለው ሠራተኛ እንውሰድ። 12,000 በ30 በመቶ 3,600፤ ሲቀነስ 1,350፤ ግብሩ 2,250 ብር። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 840 ብር። በእጁ የሚገባው 8,910 ነው። የተለመደው ስህተት ጡረታውን ቀድሞ ቀንሶ በቀሪው 11,160 ላይ ግብር ማስላት ነው። ግብሩ የሚሰላው ከሙሉ ደመወዙ ላይ ነው። ሁለተኛው ስህተት አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ መርሳት ነው፤ እዚህ 1,320 ብር ይሆናል። ስለዚህ ጆርናሉ ሲጻፍ በዴቢት የደመወዝ ወጪ 12,000 እና የጡረታ ወጪ 1,320፣ በክሬዲት የሚከፈል ግብር 2,250፣ የሚከፈል ጡረታ 2,160፣ ባንክ 8,910 ይሆናል። በሁለቱም በኩል 13,320። አበል ያለው ሠራተኛ ስትጨምሩ ደግሞ ጡረታው ከመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ብቻ እንደሚሰላ አትርሱ።

ባንክ ማስታረቅን በራሳችሁ ሂሳብ መለማመድ ይቻላል፤ የሦስት ወር ስቴትመንት አውጡ። ቼክ ስለማይኖራችሁ ግን አንድ ሁለት ምሳሌ ራሳችሁ ፍጠሩ። የባንኩ ቀሪ 84,300፣ የመዝገቡ 80,150 ነው እንበል። ተጽፎ ያልተመነዘረ የ6,200 ቼክ አለ፤ ገቢ ተደርጎ ስቴትመንቱ ላይ ያልወጣ 2,000 አለ። የባንኩ በኩል 80,100 ይሆናል። በመዝገቡ በኩል የ50 ብር የአገልግሎት ክፍያ አልተመዘገበም፤ ስትቀንሱት 80,100። አልገጥም ካለ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት አሃዝ አገላብጣችሁ፣ 540ን 450 ብላችሁ ጽፋችኋል። ካልሆነ የልዩነቱን ግማሽ ፈልጉ፤ ዴቢት መሆን የነበረበት ክሬዲት ሆኖ ሊሆን ይችላል።

በእጅ አንድ ወር ከዘጋችሁ በኋላ ነው ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር መክፈት ያለባችሁ። ቀድመው የሚከፍቱት ቁልፍ መጫን ይለምዳሉ፤ ትሪያል ባላንሱ (የሂሳቦቹ ሁሉ የዴቢትና የክሬዲት ማመሳከሪያ) ሲዛባ ግን የት እንደሚያዩ አያውቁም። ፒችትሪ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሐምሌ 1 እሱ ዘንድ ጁላይ 8 ነው። ነሐሴ 2 የተቆረጠ ደረሰኝ ኦገስት 8 ሆኖ መግባት ሲገባው፣ «ኦገስት 2» ብላችሁ ካስገባችሁት ሐምሌ 26 ላይ ይወድቃል፤ የተዘጋ ወር ተከፈተ ማለት ነው። ከመነሻው፣ የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ።

አሁን እውነተኛ መዝገብ ያስፈልጋችኋል፤ የሚቀርበው ደግሞ የሰፈራችሁ እድር ነው። ገንዘብ ያዡ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ፣ በደብተር የሚሠሩ ሰው ናቸው። «መዝገቡን ልረከብዎ» ብላችሁ አትሂዱ፤ ማንም አይሰጣችሁም። ያለፈውን አንድ ዓመት ወደ ኤክሴል ልገልብጥልዎ በሉ፤ ደብተሩን ከቤታቸው ሳታወጡ፣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ። የአባል ስም በአንድ ዓምድ፣ 12ቱ ወራት በየራሳቸው ዓምድ፣ መጨረሻ ላይ ውዝፍ። የገንዘቡ ድምር ከባንክ ደብተሩ ጋር ላይገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ለጉባኤ አታውሩ፤ ለእሳቸው ብቻ፣ ገጹን እያሳያችሁ ንገሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሳይመዘገብ የቀረ የለቅሶ ወጪ ነው።

ሲቪ ላይ ይህን ሁሉ «የሥራ ልምድ» አትበሉት፤ «የተግባር ሥራ» በሉት፣ በቁጥርም ጻፉት፦ የስንት አባል መዝገብ፣ የስንት ወር፣ ስንት ብር ውዝፍ ተለየ። የውሸት የልምድ ደብዳቤ የሚሸጡ አሉ፤ ቀጣሪው ለማጣራት አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከእድሩ ግን እውነተኛ ደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ በበጎ ፈቃድ መሆኑ፣ ማኅተምና የሊቀመንበሩ ፊርማ ይኑርበት። ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ውሰዱላቸው፤ የኮሚቴ ምርጫ ከመድረሱ በፊት።