ለአሜሪካ ጦር ሥልጠና የሚሆን ሹሩባ እንዴት ይሠራል?

የእህቴ ልጅ ለአሜሪካ ጦር መሠረታዊ ሥልጠና ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ሹሩባዋን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ሠርቼ፣ ፈትቼ፣ እንደገና ሠራሁ። አንቺም ሁለቴ እንዳትደክሚ ያወቅሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የጦሩን የአለባበስና የፀጉር ደንብ አንብቢ፤ ኤአር 670-1 ይባላል። ወንድ ምልምል እንደገባ ይላጫል፣ ሴት አትላጭም። ግን ፀጉርሽ የተያዘና ሄልሜት የማይከለክል መሆን አለበት። ደንቡ ለረጅም ጊዜ የእኛን ዓይነት ከርዳዳ ፀጉር ያሰበ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው እትም ድሬድን ከልክሎ የሹሩባን ውፍረት በሩብ ኢንች ወስኖ ነበር። ጥቁር ሴት ወታደሮች አጥብቀው ተቃወሙ፣ ጥቁር የኮንግረስ አባላትም ደብዳቤ ጻፉ። በዚያው ዓመት ደንቡ በከፊል ላላ፣ በ2017 ድሬድ ተፈቀደ፣ በ2021 ደግሞ ፖኒቴይልና ወደ ኋላ የተለቀቀ ጉንጉን መጣ፤ ርዝመቱ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ከጀርባሽ ሰፊው የትከሻ አጥንት የታችኛው ጫፍ ካላለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ከድሮ ወታደሮች የምትሰሚው የመደበቂያ ዘዴ አብዛኛው ዛሬ አያስፈልግሽም። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ግን ከመሄድሽ በፊት አሁን የሚሠራበትን ከመልማይሽ አረጋግጪ።

ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ ሹሩባው ከመሠራቱ ሦስት አራት ቀን በፊት ተቀቢና አጥበሽ አስለቅቂው። በሄልሜት ሥር ላብና ቅቤ ሲገናኙ ሽታው አይቻልም። ከዚያ በደንብ አድርቀሽ፣ በሚዶ ፈልቅቀሽ፣ ወፈር ያሉ ስድስት ወይም ስምንት መስመሮችን ቀጥ አድርገሽ ወደ ኋላ አሠሪ። ቀጭን ሹሩባ ያምራል፤ ግን ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ ግማሽ ቀን የለሽም። የምትጨምሪው ፀጉር ከራስሽ ቀለም ጋር ይመሳሰል፣ ጨሌ አይኑርበት። ቅንድብሽን ስታነሺ ግንባርሽ ላይ ካመመሽ ጠብቋል፤ አስላይው። እየተጎተተ የሚከርም የፊት ፀጉር ይመለጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመለስም።

የኔ ስህተት ጫፎቹን ሰብስቤ ማጅራቷ ላይ ትልቅ ቋጠሮ ማድረጌ ነበር። የወንድሟን የብስክሌት ሄልሜት አደረገችና ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተኝታ መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ ያዘች። ቀና ስትል ቋጠሮው ሄልሜቱን ከኋላ ገፍቶ ዓይኗ ላይ ጣለው። ምንም አይታያትም። የተፈቀደ ቋጠሮ ሆኖ ሳለ ዒላማ እንዳይመቱ የከለከላቸው ሴቶች ስንት ይሆኑ? ፈታሁትና ጫፎቹን ሁለት ጉንጉን አድርጌ ወደ ታች ለቀቅኋቸው፤ ሄልሜቱ በቦታው ተቀመጠ። አንቺም ሳትሞክሪ ከቤት አትውጪ።

ማታ ማታ ሳቲን ሻሽ እሰሪ። በሳምንት አንዴ ሻምፑ በውኃ አቅጥነሽ በመስመሮቹ መካከል አፍስሺ፣ እስኪደርቅም ጫፉን አትቋጥሪው። እርጥብ ፀጉር ጥብቅ አድርጎ በጄል መለጠፍ ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ፎሮፎርና መጥፎ ሽታ ያመጣል።

ዊግ ደርቦ ማምለጥስ? በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተጠባባቂ ጦር ወንዶች ረጅም ፀጉራቸውን በአጭር ፀጉር ዊግ ሥር ደብቀው ለቅዳሜና እሑድ ልምምድ ይሰለፉ ነበር። ዛሬ ዊግ ተፈጥሯዊ ከመሰለ ይፈቀዳል፤ ያልተፈቀደ አሠራር ለመሸፈን ግን አይሆንም።

ሥልጠናው 10 ሳምንት ነው፣ አንድ ሹሩባ ያን ያህል አይቆይም። አራተኛ አምስተኛው ሳምንት ላይ ፈትተሽ ራስሽ ሁለት መስመር መጎንጎን አለብሽ። እኛ ሹሩባው ከመሠራቱ በፊት በነበሩት ምሽቶች መብራት አጥፍተን ተለማመድን፤ ያለ መስታወት፣ መሐል ስንጥቁን በጣቷ እየፈለገች። በሦስተኛው ምሽት ቀጥ አለላት።