ከልቅሶ ይጀመራል፤ ባሕር ዳር አዲስ ለገባችሁ

ሽምብጥ ውስጥ ካሉት እድሮች የአንዱ ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በደህና ቀን መጥቶ «መዝግቡኝ» ያለኝን ሰው በጣቶቼ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ። የሚበዛው የሚመጣው አባቱ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነው፤ ደንባችን ደግሞ አዲስ ገቢ ስድስት ወር ሳይሞላው ክፍያ አያገኝም ይላል። በዚህ ለመፍረድ ግን አፍ የለኝም። እኔ ራሴ ከወረታ ተዛውሬ ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» እያልኩ ማንንም ሳልጠጋ አራት ዓመት ኖርኩ። እናቴ ስታርፍ ከቀብር መልስ ሦስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ወንበር አልነበረኝም። አግዳሚ አሸክመው፣ ንፍሮ ቀቅለው የመጡልኝ በር ለበር እየተያየን ሰላም ብያቸው የማላውቅ እናት ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እኔ አትምጡ፤ መጀመሪያ ልቅሶ ድረሱ። በሰፈራችሁ ድንኳን ተተክሎ ካያችሁ ሟቹን ባታውቁትም ግቡ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ መቀመጥ ይበቃል። በምን እንደሞተ አትጠይቁ፤ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዙሩ። ሽንኩርት የሚላጠው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ የሰፈሩ ወሬም የሚበስለው እዚያ ነው። አንድ ሰፌድ ሽንኩርት ልጣችሁ ሳትጨርሱ ስማችሁን ይጠይቋችኋል። ወንዶች ደግሞ ድንኳን ሲነቀል ተገኙ። ሲተከል ሰው ሞልቶ ይጋፋል፤ ሲነቀል ግን እኔና ጥሩምባ ነፊው ብቻ የቀረንበት ጊዜ አለ። ያን ቀን የመጣን ሰው አልረሳም።

እዝን ስትወስዱ ቀኑን እዩ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሽሮ ወይም ምስር እንጂ ሌላ አይሆንም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር ባለበት ሰፈር ደግሞ ሥጋ ነገር አስቸጋሪ ነውና ዳቦ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ማንንም አያስቀይምም።

አሁን ለምዝገባ ኑ፤ ስትመጡም ደንቡን አንብቡልኝ። ሰው ሁሉ ወርሃዊ መዋጮውን ብቻ ይጠይቃል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቤተሰብ የሚባለው ማን ነው? የባል እናት፣ የሚስት አባት፣ አብሮ የሚኖር ወንድም ይካተታሉ? ቀብሩ አገር ቤት ቢሆን እድሩ ምን ያደርጋል? ውዝፍ ስንት ወር ሲደርስ ያሰርዛል? እነዚህን ሳይጠይቁ የፈረሙ ሰዎች በሐዘናቸው ቀን ከእኔ ጋር ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ከዚያ የከፋ ክርክር የለም። አዲስ ገቢ በመግቢያው ክፍያም ያኮርፋል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ጎላውን፣ ጀበናውን ቀድመው የገቡት ለዓመታት አዋጥተው ነው የገዙት፤ መግቢያው የእናንተ ድርሻ ነው። በየከፈላችሁበት ወር ደብተራችሁ ላይ አስፈርሙ። እኔንም ቢሆን አትመኑኝ።

እቁብን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሃያ ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል፣ ዙሩም በሃያ ሳምንት ያልቃል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ቆጠበ። ቀድሞ የበላ ሰው እንዳይቀር ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ እቁብ አትግቡ፤ ለማታውቁትም ሰው ዋስ አትሁኑ።

ማኅበር ግን በምዝገባ አይገባም፤ ይጠሯችኋል። የእኛ በየወሩ በ21 የማርያም ነው። አሥራ ሁለት ስለሆንን በዓመት አንዴ ይደርሰናል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ስንነሣ ተረኛዋ ጽዋውን ተረክባ ትሄዳለች። ተራችሁ ሲደርስ አታሳምሩት! አንድ ዓመት አንዷ ስድስት ዓይነት ወጥ ሠራች፤ ቀጥላ ያለችው ሰባት፤ ከዚያ ሁለት እኅቶች «አመመኝ» እያሉ መቅረት ጀመሩ። በኋላ ተሰብስበን ዳቦ፣ ጠላና አንድ ወጥ ብቻ ብለን ቆረጥን። ሁለቱም ወዲያው ዳኑ።

በዓመት አንድ ቀን ጀልባ ተከራይተን ጣናን እንሻገራለን። ባሎቻችን ከመጡ ክብራን ገብርኤል ይወርዳሉ፤ እዚያ ሴት አይገባምና እኛ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ እንሄዳለን፣ ከዚያ አንድ ላይ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል፣ መዝሙሩም ወደ ምህላ ይለወጣል። ከተጠራችሁ በዚህ ጉዞ ላይ እንዳትቀሩ፤ በወር አንዴ ቤት ውስጥ ያልተወራው ሁሉ ጀልባ ላይ ይወራል።

ለወጣቶች ከዚህ የሚቀል በር አለ። የጥምቀት ሰሞን የሰፈር ልጆች ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ይጠርጋሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ መጥረጊያ ይዞ የመጣን ማንም ከየት መጣህ አይለውም። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ለነቀላ ዘመቻም ወደ ፎገራና ደምቢያ ዳርቻ የሚሄድ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ ከሰማችሁ ቦቲ ጫማና ቅያሪ ልብስ ያዙ፤ ውሃ የጠጣ እምቦጭ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል፣ ነቅሎ ዳር ላይ መተውም ዋጋ የለውም፣ ርቆ ካልደረቀ ተመልሶ ይበቅላል።

አንድ የቀረ ነገር፦ ትሪያችሁን ምልክት አድርጉበት። ልቅሶ ቤት የሄደ ትሪ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ ሁሉም ጣዎስ የተሳለበት ነው። ከሥሩ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉ። የእኔ ሁለት ቀይ ነጥብ አለው፤ ሦስት ዓመት ሆነው ከጠፋ። እናንተ ቤት ካለ ሽምብጥ ስትደርሱ የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁ፣ ቡና አፍልቼ እቀበለዋለሁ።