ወንዝን እንደ ፈርጋል ሻርኪ መጠበቅ፦ ዝና ለሌለን ሰዎች

ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቁ የውሃ ኩባንያዎችን ስለሚሞግተው ድምፃዊ፣ ስለ ፈርጋል ሻርኪ ሲወራ «ዝነኛ ስለሆነ ነው የሚሰማው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ዝናው ካሜራ ይጠራለታል፤ የውሃ ኩባንያዎችን መልስ ያሳጣቸው ግን በእጁ የያዘው ሰነድ ነው። ሰነዱን ደግሞ እኛም ማግኘት እንችላለን። የምኖረው ቶተንሃም፣ ከሊ ወንዝ አጠገብ ነው። ሻርኪ ዓሣ የሚያጠምደውም በዚሁ ወንዝ ላይ፣ ከእኛ በላይ ዌር ከተማ አካባቢ ነው። እንግሊዝ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ እሱ የሄደበትን መንገድ ያለ ዝና እንዴት መሄድ እንደሚቻል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሰውዬውን ሕይወት እወቁ፤ ዘዴው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሰሜን አየርላንድ፣ ዴሪ ከተማ ተወለደ። ዘ አንደርቶንስ የተባለው ባንድ ድምፃዊ ሆኖ ታወቀ፤ በ1978 የወጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸውን የቢቢሲው ጆን ፒል ሁለት ጊዜ አከታትሎ አጫወተው። በ1983 ባንዱ ተበተነ፤ በ1985 ሻርኪ ለብቻው በዘፈነው «ኤ ጉድ ኸርት» የብሪታንያ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ወንዙ ይዘላሉ። ለእኔ ዋናው ግን መካከሉ ነው። በ1990ዎቹ መድረኩን ትቶ በሪከርድ ኩባንያ ተቀጠረ። ቀጥሎ የግል ሬዲዮ ጣቢያዎችን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን አባል ሆነ። አዲሱ የፈቃድ ሕግ የቀጥታ ሙዚቃን እንዴት እንደነካ የሚያጠናውን ፎረም በሊቀመንበርነት መራ፤ ከ2008 እስከ 2011 ደግሞ ዩኬ ሚውዚክ የተባለው የሙዚቃው ዘርፍ ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበር። ስለ ወንዝ አፉን ሲከፍት ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያስፈራው፣ የፓርላማ አባል የትኛውን ወረቀት እንደሚያነብ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ዓሣ ማጥመድን የጀመረው በልጅነቱ ነው። አምዌል ማግና የተባለው ጥንታዊ የዓሣ አጥማጆች ክለብ ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ የወንዙ ውሃ ሲመናመን አየ፤ ክለቡም ተቆጣጣሪውን የአካባቢ ኤጀንሲ (Environment Agency) በሕግ ሞገተ። የላይኛው ሊ በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ ከሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚመነጭ ወንዝ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ወንዞች ሁለት መቶ ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚገኙት በእንግሊዝ ነው። ወንዞቹን የሚመግበውን የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ኩባንያዎች ለመጠጥ ይስቡታል። ለንደንም በ1613 ተቆፍሮ ባለቀ ቦይ፣ ዌር አጠገብ ካለው ከአምዌል አካባቢ ስትጠጣ ኖራለች። ስለዚህ ይህ ወንዝ በቧንቧችን የሚመጣው ውሃ ጉዳይ ነው፤ የዓሣ አጥማጆች ብቻ አይደለም።

ወደ ሥራው እንግባ። አገሩን ሁሉ አትያዙ፤ አንድ ወንዝ፣ ከዚያም ውስጥ በእግራችሁ የምትደርሱበትን አንድ ክፍል ምረጡ። በእንግሊዝ የውሃ ኩባንያዎች በ1989 ወደ ግል ተዛውረዋል። ብክለትን የሚቆጣጠረው የአካባቢ ኤጀንሲ ነው፤ ሂሳቡንና የውሃ ዋጋውን ሲቆጣጠር የኖረው ኦፍዋት ነው። የወንዙ ዳርቻ ደግሞ የራሱ ባለቤት አለው። አቤቱታችሁን ለማን እንደምትልኩ ሳትለዩ ከጻፋችሁ ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትቷችሁ ትከርማላችሁ።

ቀጥሎ ማስወጫ ቱቦዎቹን ፈልጉ። በብዙ ከተሞች የዝናብ ውሃና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ከባድ ዝናብ ሲጥል ቱቦው እንዳይሞላና ወደ ቤት እንዳይመለስ ትርፉ ወደ ወንዝ እንዲለቀቅ ይፈቀዳል። ፈቃዱ ለዚያ ብቻ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እነዚህ ማስወጫዎች ሁሉ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ በዚያ ዓመት በእንግሊዝ የተመዘገበው የመልቀቂያ ጊዜ ሲደመር 3.6 ሚሊዮን ሰዓት ገደማ ነበር። ኩባንያዎቹ አሁን ቱቦዎቻቸው መቼ እንደለቀቁ በካርታ ያሳያሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መሣሪያው የሚለካው ጊዜን ነው፤ ምን ያህል ሊትር እንደፈሰሰ አይነግራችሁም። «ይህን ያህል ፍሳሽ ለቀቁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኩባንያው በዚያች አንዲት ስህተት የቀረውን ሁሉ ያጣጥልባችኋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው፦ ቱቦው የለቀቀበትን ቀንና ሰዓት በአንድ ዓምድ ጻፉ፤ በአቅራቢያው ያለው የዝናብ መለኪያ የመዘገበውን ከአካባቢ ኤጀንሲ መረጃ አውጥታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ኤጀንሲው ደረቅ ቀን የሚለው በዕለቱም ሆነ በቀደሙት 24 ሰዓታት ከ0.25 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያልጣለበትን ቀን ነው። በደረቅ ቀን የተለቀቀ ፍሳሽ ካገኛችሁ ጠንካራ ነገር ይዛችኋል። ኩባንያው «የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ቱቦው ሰርጎ ነው» ሊል ይችላል፤ በጠመኔ አገር ይህ በእርግጥ ይከሰታል። ያኔ ቱቦው መቼ እንደተመረመረና መቼ እንደሚጠገን ጠይቁ። የሚሰርግ ቱቦ ማለት ያልታደሰ ቱቦ ማለት ነው።

ካርታው ላይ የሌለውን በደብዳቤ ጠይቁ። የ2004ቱ የአካባቢ መረጃ ደንብ ለማንኛውም ሰው ይህን መብት ይሰጣል፤ ዜግነት አይጠይቅም፣ ምክንያትም አያስፈልገውም። የውሃ ኩባንያዎች «እኛ የግል ድርጅት ነን» ብለው ለዓመታት ሲሸሹ ኖረው፣ ፊሽ ሊጋል የተባለው የዓሣ አጥማጆች የሕግ ድርጅት እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ በ2015 ደንቡ እነሱንም እንደሚመለከት አስወሰነ። መልሱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መምጣት አለበት፤ ጥያቄው ሰፊና ውስብስብ ከሆነ እስከ 40 ሊራዘም ይችላል። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ። የማስወጫውን ስም፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ቀን እንደምትፈልጉ፣ እያንዳንዱ ልቀት የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ መልሱንም በሰንጠረዥ ፋይል እንዲልኩላችሁ መጻፍ ይበቃል። ከከለከሏችሁ ውሳኔያቸውን መልሰው እንዲያዩ ጠይቁ፤ ከዚያም በነፃ ለመረጃ ኮሚሽነር አቤት በሉ።

ውሃ ውስጥ መግባት ለሚወድ ሪቨርፍላይ የተባለ፣ የወንዝን ጤና በውስጡ ባሉ ትንንሽ ፍጥረታት የመመርመር ሥልጠና አለ። ለሦስት ደቂቃ የወንዙን ወለል በእግር እያነቃነቁ በመረብ መያዝ፣ ከዚያም የተመረጡ ስምንት ዓይነት ትንንሽ ፍጥረታትን መቁጠር ነው። ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ለኤጀንሲው ይነገራል። ቁስል ካላችሁ ሸፍኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ፤ የአይጥ ሽንት የሚያመጣው በሽታ ቀልድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስትይዙ ለፓርላማ ተወካያችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፦ አንድ ቱቦ፣ አንድ ሰንጠረዥ፣ አንድ ጥያቄ። በኅዳር 2024 ለንደን ላይ ለንፁህ ውሃ በተደረገው ሰልፍ ሻርኪም ብዙ ሺህ ሰዎችም ወጥተው ነበር፤ ሰልፍ ያስፈልጋል፣ እኔም አምንበታለሁ። ሰልፈኛው ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ቢሮ ውስጥ የሚቀረው ያ አንድ ገጽ ነው።

የሞተ ዓሣ፣ ነጭ አረፋ ወይም የፍሳሽ ሽታ ካያችሁ ወደ ቤት እስክትመለሱ አትቆዩ። እዚያው ቆማችሁ በ0800 80 70 60 ለአካባቢ ኤጀንሲ ደውሉ፤ መስመሩ ሌሊትም ይሠራል። ቦታውን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን ተናገሩ፣ ፎቶ አንሡ፤ የጉዳዩን መለያ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ። በሚቀጥለው የመረጃ ጥያቄያችሁ ላይ ያን ቁጥር ጠቅሳችሁ ማን መጥቶ እንዳየው፣ ምን እንደለካና ምን እንደወሰነ ትጠይቃላችሁ።